ስልኳን መልሱላት!

ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ስልኩን ምን ማድረግ እንዳለበት የሚመክሩ ጽሑፎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ ብዙ አንብቤያለሁ። (ሥራ ፈት ናት እንዳትሉኝ። እውነት ለመናገር ግን ጋዜጠኝነት ተመርቄ ሥራ ስፈልግ የከረምኩባቸው ወራት ያላስነበቡኝ ነገር የለም።) ምክሩ ሁሌም አንድ ነው። ሮሚንግ ከመክፈትህ በፊት ዋጋውን ጠይቅ። እንደደረስክ ኤርፖርቱ ውስጥ ሲም ካርድ ግዛ። ሆቴል ስትገባ በዋይፋይ ተጠቀም። ቻርጀርህን በእጅ ሻንጣ ያዝ። አውሮፓውያን በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ሲነታረኩ ከርመው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኅብረታቸው በአባል አገራቱ መካከል የሮሚንግ ተጨማሪ ክፍያን አስቀረላቸው። ጀርመኑ ስፔን ሄዶ አሸዋ ላይ ተጋድሞ ልክ ቤቱ እንዳለ ሆኖ ይደውላል። ይመቻቸው!

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ መንገደኛ ነው። ሌሊት ቦሌ ኤርፖርት ሰው ለመሸኘት ሄዳችሁ ከሆነ ሳታዩዋቸው አትቀሩም። አንድ ዓይነት ሻርፕ ጠምጥመው፣ ወረቀታቸውን በፕላስቲክ አቃፊ ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ወለሉ ላይ ተደርድረው የተቀመጡትን ሴቶች ማለቴ ነው። ከአገራችን ወጥተው ከሚቀሩት መንገደኞች ውስጥ ስልክ ከእነሱ በላይ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም። ለነሱ ግን ምክር የሚጽፍ የለም። ምክንያቱም የነሱ ጥያቄ «ሮሚንግ በደቂቃ ስንት ነው?» አይደለም። «ስልኬ እጄ ላይ የሚቆየው እስከ መቼ ነው?» ነው።

የአክስቴ ልጅ ስልክ እጇ ላይ የቆየው አንድ ቀን እንኳ አይሞላም።

ከሐይቅ ነው የመጣችው፤ ከደሴ ወዲያ ካለችው ከሐይቅ። ጥር 2011 ዓ.ም. ነበር። ከመብረሯ በፊት እኔ ጋ ሁለት ሌሊት አደረች። መርካቶ ወርደን ተከራክረን አንዲት ቀፎ ገዛን። ውድ አይደለችም፣ ግን ኢሞ ትጭናለች። (ኢሞ ለምን አስፈለገ የምትሉ ከሆነ ዓረብ አገር ዘመድ የላችሁም ማለት ነው። ዓረብ አገር ያለች እህት ያለችው ቤት ሁሉ ኢሞ አለ።) አክስቴ ስማርት ስልክ ስለሌላት ከጎረቤት ልጅ ጋር ተዋዋልን። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስልኩን ይዞላት ይመጣል፣ እሷ ደግሞ ቡናውን አፍልታ ትጠብቃለች። ሁሉ ነገር ተሰናዳ።

እዚያ ስትደርስ ኤርፖርት የተቀበሏት የኤጀንሲ ሰዎች ፓስፖርቷንና ቀፎዋን አንድ ፖስታ ውስጥ ከተው አሸጉት። «ለጊዜው ነው» አሏት። የየት አገር እንደሆነና የማን ኤጀንሲ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ስም ብጠራ ሌላው ኤጀንሲ ንጹሕ የሆነ ይመስላል።

ከዚያ ሰባት ወር ዝም።

ሰባት ወር እንዲህ በጽሑፍ ሲታይ ቀላል ነው። ዓርብ ሲመጣ ግን እንዲህ ነበር፦ የጎረቤቱ ልጅ ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ አክስቴ ቡናውን ታፈላለች፣ ስልኩ ረከቦቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ሦስተኛው ተጠጥቶ ያልቃል፣ ልጁ ስልኩን ኪሱ ከትቶ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። ደላላውን ስትጠይቀው «ደህና ናት፣ ሥራ በዝቶባት ነው» ይላታል። በአራተኛው ወር ገንዘብ መጣ። በአሠሪዋ ስም የተላከ ነበር። አክስቴ ብሩን አልነካችውም። ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ብሩን ባንክ አስቀምጣ፣ «የሞተች ልጅ ደመወዝ ቢሆንስ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ነሐሴ ላይ አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር እኔ ጋ ደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት የውኃ ድምፅ ነው። ከዚያ ሹክሹክታ። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታ ነው የምታወራኝ። ስልኩን ያዋሰቻት ጎረቤት ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ናት፤ በረንዳና በረንዳው ስለሚነካካ በእጇ አቀበለቻት። ሁለት ደቂቃ አይሞላም ያወራነው። በሕይወት አለች። «እማማስ?» አለችኝ። አያታችን ሚያዝያ ላይ አርፋ ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለዚያውም ለተደበቀች ልጅ። «ደህና ናት፣ ትጠይቅሻለች» አልኳት። ዘጋች።

ያን ቀን ነው ይህን ጽሑፍ መጻፍ የጀመርኩት። እስከ ዛሬ ሳልጨርሰው የቆየሁት ስናደድ ስለማልጽፍ ነው። ዛሬም ተናድጃለሁ፤ ግን ይብቃ።

እስቲ አሁን «ስልክ ያበላሻታል» ወደሚለው እንምጣ። ይህን የሚሉት አሠሪዎቹ ብቻ ቢሆኑ ባልገረመኝ። ደላላውም ይላል። ኤጀንሲውም ይላል። ወገን ነን የሚሉ የሰፈር ሽማግሌዎችም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስልክ ከያዘች ሥራዋን ትረሳለች፣ ወንድ ትለምዳለች፣ ጓደኞቿ «ውጪና የተሻለ ደመወዝ አለ» እያሉ ያስጠፏታል፣ የሰው ቤት ገመና ፎቶ አንስታ ታወጣለች።

ገመናውን በተመለከተ ልስማማ። ማንም ሰው መኝታ ቤቱ ኢሞ ላይ እንዲወጣበት አይፈልግም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ «ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» ብሎ መዋዋል። በሥራ ሰዓት ስልክ አይነካም ማለትም ይቻላል። እዚህ አዲስ አበባ ባንክ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ደንበኛ ፊት ስልክ ማንሳት አይፈቀድላትም። ሥራ አስኪያጁ ግን ስልኳን ቀምቶ ካዝና ውስጥ ለሁለት ዓመት አይቆልፍባትም! ደንብ ማውጣት ሌላ፣ መቀማት ሌላ።

«ያስጠፏታል» የሚለው ደግሞ ራሱን በራሱ ያጋልጣል። ደመወዟ በወቅቱ የሚከፈላት፣ የምትተኛበት ሰዓት ያላት፣ የማትመታ ልጅ አንድ የስልክ ጥሪ ሰምታ ጨለማ ውስጥ በመስኮት አትወርድም። ስልኩ የሚያስፈራው ቤት ስልኩ የሚያወጣው ነገር ያለበት ቤት ነው። ወንድ ትለምዳለች ለሚሉት መልስ የለኝም። አዋቂ ሰው ናት።

ፓስፖርት መቀማት ነውር መሆኑን ዓለም ከተስማማ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም የሥራ ድርጅት ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ የቤት ሠራተኛ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዷን በራሷ እጅ የመያዝ መብት እንዳላት በግልጽ ያስቀምጣል። ጥሩ። ስልክ ግን እዚያ ውስጥ ተጠቅሶ አታገኙትም። እስቲ አስቡት፦ በአራተኛ ፎቅ ላይ በር ተቆልፎባት፣ ፓስፖርቷ ደረቷ ውስጥ ያለ ልጅ ምን ታደርግበታለች? ፓስፖርት አይደውልም።

ሊባኖስ ደግሞ አለችላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አንድ ወጥ የሥራ ውል አወጣች። ውሉ አሠሪው ሠራተኛዋ የሚደወልላትን ስልክ እንድትቀበል እንዲፈቅድላት፣ በወር አንድ ጊዜም በራሱ ወጪ ከወላጆቿ ጋር እንዲያገናኛት ይላል። በወር አንድ ጊዜ! እስረኛ በሳምንት ስንቴ ይጠየቃል? ይህም ሆኖ በዘመኑ መሻሻል ነው ተብሎለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሻለ ውል ሲመጣ ደግሞ ቀጣሪ ኤጀንሲዎች አቤት ብለው በአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት አሳገዱት።

«ታዲያ ምን ይደረግ? አገሩ የነሱ ነው፣ ደሀ አገር ምን አቅም አለው?» የሚል መልስ እየመጣ እንደሆነ ይሰማኛል። ይህን መልስ ከአንድ ባለሥልጣን አፍም ሰምቼዋለሁ፤ ያውም በረጅሙ ተንፍሶ።

ያቺ ስልኳን በበረንዳ ያቀበለች ፊሊፒናዊት ትዝ ትላችኋለች? የእሷ አገርም ሠራተኛ ላኪ ናት፤ ገንዘብ የምትጠብቀውም ከልጆቿ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ኩዌት ውስጥ የአንዲት ፊሊፒናዊት የቤት ሠራተኛ አስከሬን ማቀዝቀዣ ውስጥ ተገኘ። አገሪቱ በአንድ ድምፅ ጮኸች። ፕሬዚዳንቱ (ሮድሪጎ ዱቴርቴ፣ በሌላ በሌላው የማልወደው ሰው) ወደ ኩዌት ሠራተኛ መላክ አገደ። ከወራት ግብግብ በኋላ በግንቦት 2018 ሁለቱ አገሮች ስምምነት ፈረሙ። በስምምነቱ ውስጥ ምን አለ? የዕረፍት ቀን አለ፣ ፓስፖርት አለመቀማት አለ፣ እና ደግሞ ሠራተኛዋ የእጅ ስልኳን ይዛ የመቆየት መብቷ በግልጽ ሰፍሯል። በቃ፤ ተጻፈ። ኩዌትም ፈረመች። ሰማይ አልተደፋም።

እኛ ስንት ልጅ ቀበርን? ከዓረብ አገሮች ጋር ስንደራደር ስለ ደመወዝ ወለል፣ ስለ ኤጀንሲ ክፍያ፣ ስለ ቁጥር እናወራለን። እሱም ይሁን። ግን አንድ መስመር ጨምሩ፦ ስልኳ እጇ ላይ ይቆያል፤ የቀማት አሠሪ ሌላ ሠራተኛ አይሰጠውም። አንድ መስመር ናት። ለሞባይል ቀፎ በጀት አይጠየቅበትም፤ ቀፎውን እኛው ገዝተን ሰጥተናታል።

ስልክ ምን ያደርግላታል ለሚል ሁለት ነገር ላስታውስ። ሁለቱም የሚታወቁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 የእንግሊዙ ሰንዴይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ስለታጎሩ አፍሪካውያን ስደተኞች ጽፎ ዓለምን አስደነገጠ። አብዛኞቹ የኛ ልጆች ነበሩ። በሙቀት ተፋፍገው፣ ራቁታቸውን ለመሆን ትንሽ ቀርቷቸው፣ በፍርግርግ መስኮት ሥር ተደርድረው ይታዩ ነበር። እነዚያን ፎቶዎች ያነሳ ጋዜጠኛ የለም። ጋዜጠኛ እዚያ አይገባም። ታጋቾቹ ራሳቸው ደብቀው ባስገቡት ስልክ አንስተው ነው የላኩት። አራት ዓመት ስለ ምንጭ፣ ስለ ማስረጃ፣ ስለ ማረጋገጥ ተምሬያለሁ። በኮሮናው መቆለፊያ ጊዜ ከወጡት ትልልቅ የስደት ዘገባዎች አንዱን የሠራው ግን ደብቆ ስልክ ያስገባ ልጅ ነው።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው። መጋቢት 2017 ላይ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ኩዌት ውስጥ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ሰባተኛ ፎቅ ላይ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ድረሱልኝ ትላለች። ከውስጥ የቆመችው አሠሪዋ እጇን አልዘረጋችላትም። ትቀርጻለች። ልጅቷ ወደቀች፤ እንደ ተአምር ተረፈች። ቪዲዮው ወጣ፣ አሠሪዋም ተያዘች። ያ ቪዲዮ ለብዙ ቀን እንቅልፍ ነስቶኛል። ቤቱ ውስጥ ስልክ ነበረ። ጥያቄው በማን እጅ ነበረ የሚለው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልዙር፤ እዚህ ላይ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

በሕጋችን መሠረት ለቤት ሠራተኝነት ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋታል፤ ይህን ያመጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነው። የአክስቴም ልጅ ሠልጥናለች። ልብስ መተኮስ፣ የአቧራ መጥረጊያ ማሽን፣ ማይክሮዌቭ፣ ሠላሳ አርባ የዓረብኛ ቃል። ደብተሯን ገልጬ አይቼዋለሁ። የማይክሮዌቩ ሥዕል ሳይቀር አለ። የኤምባሲያችን ስልክ ቁጥር ግን የለም። የእናትሽን ቁጥር በቃልሽ ያዢ ያላት የለም። ስልክሽን ቢቀሙሽ ምን ታደርጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ሳዑዲ ውስጥ ለምሳሌ በስምሽ ሲም ካርድ ለማውጣት ኢቃማና አሻራ ይጠየቃል፤ ኢቃማው ከፊልሽ ኪስ ውስጥ ከሆነ ሲሙም በሱ ስም ነው፣ ከተጣላሽው የሚዘጋውም እሱ ነው። ይህን የሚያስተምር ሥልጠና የት አለ? ማይክሮዌቩን እዚያ ሄዳ በአምስት ደቂቃ ትለምደው ነበር።

ሌላ ደግሞ አለ። የአክስቴ ልጅ በሁለተኛ ዓመቷ እንደምንም ብላ የራሷን ስልክ ገዛች። የምትደብቀው የሩዝ ጆንያ ውስጥ ነበር። ዓርብ ዓርብ በኢሞ መገናኘት ጀመርን። አክስቴ ያንን የባንክ ብር አውጥታ ጣሪያውን አስመታች። ሰኔ 2012 ላይ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ። እሷ እዚያ ሆና ዜና ላይ እሳት ታያለች፣ ሰው ሞተ ሲባል ትሰማለች፣ ኢሞው ላይ ግን የማናችንም አረንጓዴ ምልክት አይበራም። በቀጥታ ለመደወል ካርድ የሚሞላላት የለም። በኋላ ስትነግረኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እጇ እየተንቀጠቀጠ ሁለት ብርጭቆ ሰብራለች፤ ከደመወዟ ተቆርጧል። ያኔ ስልኳን የቀማት ዓረብ አልነበረም። በትግራይ ደግሞ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሲዘጋ በሳምንት አልነበረም የሚቆጠረው። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ያሉ እናቶች ስንት ዓርብ እንደቆጠሩ እነሱ ይናገሩ።

እና እኛ ቤተሰቦቹ። አዎ፣ እኛ! ስልኩ ከተገኘ በኋላ ምን እናወራታለን? በአንድ ትንፋሽ ሰላምታ፣ ከዚያ ኪራይ፣ ከዚያ የእገሌ ሠርግ፣ ከዚያ «አይፎን የሚሉት ነገር እዚያ ርካሽ ነው አሉ»። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ለምርቃቴ ጫማ ጠይቄያታለሁ። እሷ ጆንያ ውስጥ የደበቀችውን ስልክ አውጥታ፣ ማዳሟ እስክትተኛ ጠብቃ፣ እኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሚስኮል እናደርግባታለን። ስልኩ ሊንጫረርባት እንደሚችል ማን አሰበ? አንድ ጊዜ እንዲያ ሆኖባት ስልኩ ተያዘ። ሁለተኛውን ቀፎ ያስቀማናት እኛ ነን። ደውለን የፈለግነውም ታናሽ ወንድሟ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ብር አንሶት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ተመለሰች። ሐይቅ ሱቅ ከፍታለች፣ ደህና ናት። ስልክ ሲደወልላት ግን ዛሬም ወደ ጓሮ ትወጣና ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። ደንበኞቿ የፍቅር ነገር ይመስላቸዋል።

ባለፈው ወር ታናሿ ፓስፖርት አወጣች። ለመንናት፤ አልሰማችም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የሚያቆያት ሥራም የለንም። ቀፎ ለመግዛት መርካቶ አብሬያት እንድወርድ ጠየቀችኝ። እወርዳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ፦ የእናቷንና የእኔን ቁጥር፣ የኤምባሲውንም ጭምር፣ ሳታይ በቃሏ። የእናቷን ወዲያው ያዘችው። የኔ ላይ ሰባተኛው ቁጥር ጋ ስትደርስ ትስታለች። ትናንት ማታ ሦስቴ አስደገምኳት፣ ሦስቴም እዚያው ላይ ሳተች፤ ዛሬ ማታ እንደገና እንጀምራለን።